ለበሬው ሐኪም፣ ለውሻው የተቃጠለ ዘይት

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን። ታማኝነቱን እንኳ የአድርባይ መስደቢያ አደረግንበት። ነገሩ በተረት ቢቀር ባልተከራከርኩ ነበር፤ ንቀቱ ከአንደበት አልፎ ቁስል ላይ ሲፈስ እያየሁ ግን ዝም ልል አልችልም።

ሸሕዲ ላይ ቆዳው ለቆሰለ ውሻ የሚታሰበው መድኃኒት ከመኪና ሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት ነው። ጸጉሩ የረገፈውም፣ ጆሮውን መዥገር የወረረውም፣ ጎኑ ያበጠውም እኩል ይደፋበታል። ለመሆኑ ይህ ምን ዓይነት ሕክምና ነው? ውሻ ቁስሉን በምላሱ የሚያጥብ ፍጡር አይደለምን? የተቀባውን ይልሳል፤ የላሰውን ይውጣል። መርዙ በቆዳውም በሆዱም ይገባል።

እብጠት ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። መግል የቋጠረው ተከፍቶ ይታጠባል። እከክ ከሆነ ለከብት የሚወጋው አይቨርሜክቲን በሐኪም ልክ ሲሰጥ ይለቀዋል። ከውሻ ወደ ውሻ በግንኙነት የሚተላለፍ የብልት ዕጢም አለ፤ ካንሰር ነው። ሆኖም ቪንክሪስቲን የተባለው መርፌ በየሳምንቱ ሲሰጥ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ይህን ሁሉ ለይቶ የሚያውቀው ሐኪም እንጂ የዘይት ጣሳ አይደለም።

«ለሰው ያልተዳረሰ መድኃኒት ለውሻ?» የሚለኝ አይጠፋም። ካላ አዛር የሰሊጥ አጫጁን በሚጥልበት ቆላ ይህ ጥያቄ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ ስለ በሬው ይህን ጥያቄ ሲያነሣ የሰማኸው ሰው አለ? በሬው ሲያብጥ ወደ እንስሳት ጤና ኬላ ይነዳል፤ በሬውን ከጅብ ሲጠብቅ ያደረው ውሻ ሲያብጥ ግን ዘይት ፍለጋ ወደ ጋራዥ ይላካል። እንግዲህ የድኻውን ሕመም ለንቀታችን መሸፈኛ አናድርገው።

የቆሰለ ውሻ ይናከሳል ብሎ መፍራት ተገቢ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ይገድላልና። ፍርሃቱ ግን የሚጠይቀው ቀድሞ ማስከተብን፣ አፉንም በጨርቅ አስሮ ወደ ሐኪም መውሰድን ነው። ድንጋይ ማንሣት ማንንም ከበሽታ አያድንም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ላይ፣ በባለጸጋው ደጅ የወደቀውን የአልዓዛርን ቁስል ለመላስ የመጡት ውሾች ነበሩ። ባለጸጋው አልወጣም። ዛሬ የቆሰለው ውሻው ነው፤ ደጁም የእኛ ነው።