ለጭላዳ ዳቦ መስጠት ይቅርብን

ላሊበላም ሆነ ሙጃ ዘመድ ጥየቃ ስትሄዱ ልጆቹን ይዛችሁ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ብትወጡ ደስ ይለኛል። እግር ይፍታታል፣ ስልክ ይቀመጣል። የጭላዳ መንጋ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ ማየት በራሱ መድኃኒት ነው። (የተራራው ጫፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። ራሱን አሞት ማስመለስ የጀመረ ልጅ ካለ ይዞ መውረድ እንጂ «ትንሽ ነው የቀረን» አይባልም።)

የማልስማማው በፎቶው ነው። ሕፃን ልጅ ዳቦ አስይዞ ወደ ጭላዳ ማስጠጋት ምን ይሉታል? ዳቦ የለመደ ጭላዳ ነገ ነጥቆ ይበላል፤ ሲነጥቅ ደግሞ ይነክሳል። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም፤ ክትባቱ የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው። ጠበል እንሄዳለን የምትሉም ክትባቱን ጀምራችሁ ሂዱ።

ውሻችሁስ? እሱ ቤት ይቅር። ተራራው ላይ ቀይ ቀበሮ አለ፤ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ቢሆን ነው። ባሌ ላይ ይኸው በሽታ ከውሻ እየተላለፈበት በተደጋጋሚ ጨርሶታል።