ጨዋታ ሥራ አይደለምን?

አንድ ጓደኛችን ገበጣን በእጅ ስልክ የሚያጫውት ፕሮግራም እሠራለሁ ብሎ የመመረቂያ ሐሳቡን ቢያቀርብ፥ «የልጅ ጨዋታ ለዲግሪ አይበቃም» ተብሎ ተመለሰለት። እኛም የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ይህን ሰምተን ሳቅን። ከሳቁት አንዱ እኔ ነበርሁ፤ ዛሬ ግን አፍሬበታለሁ።

ይህ ልጅ ሌሊቱን ከኮምፒዩተሩ ጋር ሲታገል ያስቸገረው ሒሳቡ አልነበረም፤ «የማንን ገበጣ ልሥራ?» የሚለው ጥያቄ ነው እንጂ። አንዱ በሁለት ረድፍ፥ ሌላው በሦስት ረድፍ ይጫወታል፤ ጠጠሩ የሚዘራበትና የሚበላበት ደንብም እንደየአገሩ ይለያያል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያና ከአፍሪቃ ቀንድ ከመቶ የሚበልጡ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ሰዎች ሲጫወቱ ክርክር ቢነሣ ሽማግሌ ይዳኛቸዋል፤ ኮምፒዩተር ግን ያልተጻፈለትን ደንብ አያውቅም።

ታዲያ ደንቡን ከአያቶቻችን አፍ ለቅሞ የሚጽፍ ማነው? መሐንዲሱ ብቻውን ነውን? ይህስ የእኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ሥራ ነበር። መሣሪያው ውድ ነው እንዳንል፥ ጎዶት የተባለው የጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ክፍያ ለሁሉ ክፍት ሆኗል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! በሚመጣው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ፥ እያንዳንዳችን የአንድ ሽማግሌ ገበጣ ከነደንቡ ጽፈን እንመለስ። መምህራኖቻችንም ይህን እንደ ሥራ ይቁጠሩልን። ያለዚያ ታናናሾቻችን በሰው አገር ጨዋታ ብቻ ሲያድጉ እያየን ልንወቅሳቸው አይገባንም፤ የራሳቸውን ማን ሰጣቸውና?