የወደቀን ቴስት ደጋግሞ ማስኬድ ጥገና አይደለም

«ቴስቶቹ በፓራለል ሲሄዱ ይወድቃሉ፣ ስለዚህ ፓራለሉን አጠፋነው።» ይሄን ስንቴ እንደሰማሁት! ሌላው ደግሞ «ሲወድቅ ቢልድ ሰርቨሩ ሦስት ጊዜ እንዲደግመው አድርገናል» ይላል፣ ያውም በኩራት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ጎበዝ!

ለብቻው ሲሄድ የሚያልፍ፣ ከሌሎች ጋር ሲሄድ ግን የሚወድቅ ቴስት አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረን አንድ ነገር ነው፦ የሚሻሙበት ነገር አለ። ሁለት ቴስቶች በአንድ ኢሜይል ተጠቃሚ ይመዘግባሉ። አንዱ ቴብሉን ሲያጸዳ ሌላው ገና እያነበበ ነው። ሁለቱም ፖርት 8080 ካልያዝን ይላሉ። ፓራለሉ ይሄን ችግር አልፈጠረም፣ ተኝቶ የነበረውን ቀሰቀሰው እንጂ።

የሚያስፈራው ደግሞ ጥፋቱ ከቴስቱ ሳይሆን ከራሱ ከሲስተሙ ሲሆን ነው። ደንበኞቻችሁ ተራ ጠብቀው አይመጡም። ሁለት ሰው የመጨረሻዋን ትኬት እኩል ሲጫን ለሁለቱም የሚሸጥ ኮድ፣ ቴስት ላይ አንዳንዴ ብቻ ይወድቃል። ደግማችሁ አስኬዳችሁት፣ አረንጓዴ ሆነ፣ ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ ቴስቱን የሚሠራላችሁ ደንበኛው ነው።

«ጉግልስ ይደግም የለ?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ይደግማል። ግን በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ከቴስቶቻቸው 16 በመቶ ገደማው አንዳንዴ የሚያልፍ አንዳንዴ የሚወድቅ ዓይነት መሆኑን ተናግረዋል። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ካልወደቀ አለማሳወቅ ፕሮግራመሮች ችግሩን ችላ እንዲሉ እንደሚገፋፋም እዚያው አምነዋል። ድጋሚውን ስትኮርጁ ኑዛዜውንም ኮርጁ እንጂ!

«ጊዜ የለንም» ለምትሉ፦ አንድ በአንድ ሲሄድ 40 ደቂቃ የሚፈጅ ቴስት በ8 ዎርከር እኩል ቢከፋፈል በስሌት 5 ደቂቃ ነው። በተግባር ከዚያ ቢበልጥም ልዩነቱ ሰፊ ነው። 40 ደቂቃ የሚጠብቅ ሰው ውሎ አድሮ ቴስቱን መዝለል ይጀምራል።

መሣሪያው ደግሞ ሞልቷል። ጃንጎ በፓራለል ሲያስኬድ ለየፕሮሰሱ የራሱን ዳታቤዝ ይሰጠዋል። ፓይቴስት ከኤክስዲስት ጋር፣ ጄስትም እንዲሁ፣ ለየዎርከሩ መለያ ያወጣሉ፤ እሱን ዳታቤዙና ፎልደሩ ስም ላይ ቀጥሉበት። ፖርት 0 ብላችሁ ስትጠይቁ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ክፍት ፖርት ይመርጥላችኋል።

አሁኑኑ የማይስተካከል ቴስት ካለ ለብቻው አውጡት፣ እንደማንኛውም በግ መዝግቡት፣ ባለቤትና ቀን ይኑረው። ተማሪዎቼ የነበራችሁ ደግሞ፣ ዛሬ ቡድን የምትመሩም አላችሁና፣ ሰኞ ጠዋት ድጋሚ ማስኬጃውን አጥፉትና ስንቱ እንደሚወድቅ ቁጠሩ። ቁጥሩን ይዛችሁ ኑና እዚሁ ኮሜንት ላይ እንከራከር።