የዱር ሥጋ በሎችና አዳዲስ ቫይረሶች፦ ከጆሃንስበርግ ቤተ ሙከራ እስከ ባሌ ተራሮች

በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር መስከረም 2008 በጠና የታመመች አንዲት ሴት ከዛምቢያ መዲና ሉሳካ በአውሮፕላን ወደ ጆሃንስበርግ ተወሰደች። ከቀናት በኋላ ሕይወቷ አለፈ። በጉዞው ላይ የተንከባከባት የሕክምና ባለሙያ፣ ያስታመመቻት ነርስ እና የተኛችበትን ክፍል ያጸዳች ሠራተኛ ተከትለዋት ሞቱ። በበሽታው መያዛቸው ከተረጋገጠው 5 ሰዎች መካከል የተረፈችው ሌላ ነርስ ብቻ ነበረች።

በጆሃንስበርግ የሚገኘው የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የተላላፊ በሽታዎች ተቋም ከአሜሪካ ተመራማሪዎች ጋር ባደረገው ምርመራ ገዳዩ ከዚያ በፊት የማይታወቅ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። ከሁለቱ ከተሞች ስም የመጀመሪያ ፊደላት ተወስደው «ሉጆ» ተባለ። የቅርብ ዘመዶቹ በአይጦች ላይ የሚኖሩ ቢሆኑም፣ ሉጆ ራሱ ከየትኛው እንስሳ ወደ ሰው እንደተሻገረ ግን በማስረጃ አልተረጋገጠም።

ተመራማሪዎች ሰው ከመታመሙ በፊት በዱር እንስሳት ላይ ያሉ ቫይረሶችን ለማወቅ የሚደክሙት ይህን የመሰለ ክስተት ስለሚያሳስባቸው ነው። በዚህ ፍለጋ ልዩ ትኩረት ከሚሰጣቸው መካከል ሥጋ በሎች ይገኙበታል።

ሥጋ በሎች ለምን?

ቀበሮ፣ ጅብ፣ ጥርኝና መሰሎቻቸው አይጥ ያድናሉ፤ ጥንብ ይበላሉ፤ አልፎ አልፎም የሌሊት ወፍ ይይዛሉ። በዚህ ሁሉ የሚበሉት እንስሳ ለተሸከመው ተህዋስ ይጋለጣሉ። በዚያ ላይ እርስ በርስ ይናከሳሉ፤ ምሽት ላይም ወደ መንደር ቀርበው ከውሾች ጋር ይገናኛሉ። ስለዚህ ከእነርሱ የሚወሰድ ናሙና በአካባቢው ስለሚዘዋወሩ ቫይረሶች ብዙ ሊናገር ይችላል።

ነገር ግን አንድን ቫይረስ በአንድ እንስሳ ላይ ማግኘት፣ እንስሳው የቫይረሱ ቋሚ መኖሪያ ነው ማለት አይደለም። ከጅብ እበት የተገኘ ቫይረስ ጅቡ ከበላው እንስሳ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በታንዛኒያ የተገኘው ኢኮማ የተባለው ቫይረስ ነው። በ2009 በሴሬንጌቲ አካባቢ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ያሳየና ሕፃን የነከሰ አንድ ጥርኝ ተገደለ። የአንጎሉ ናሙና ሲመረመር ውጤቱ የእብድ ውሻ በሽታን አመለከተ። የዘረ መሉ ቅደም ተከተል ሲነበብ ግን የዚያው ቤተሰብ አባል የሆነ፣ ፈጽሞ አዲስ ቫይረስ መሆኑ ታወቀ። የቅርብ ዘመዶቹ በሌሊት ወፎች ላይ የተገኙ በመሆናቸው፣ ጥርኙ የቫይረሱ መኖሪያ ሳይሆን ሰለባ እንደነበር ተመራማሪዎች ያምናሉ።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ ለዘመናት ዝባድ ለዓለም ገበያ ያቀረበች አገር ስትሆን፣ ገበሬዎች ጥርኞችን ከዱር ይዘው በቀፎ እያኖሩ ዝባዱን ያወጣሉ። እስካሁን የሚታወቀው የኢኮማ ናሙና ያ የታንዛኒያው ጥርኝ ብቻ በመሆኑ ይህ ለሥጋት ማረጋገጫ አይሆንም። ሆኖም ሰውና የዱር ሥጋ በል ምን ያህል ተቀራርበው እንደሚኖሩ ያሳያል።

«የእብድ ውሻ በሽታ» የተባለው ሁሉ

የኢኮማ ታሪክ አንድ ክፍተትም ያጋልጣል። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የተለመደው ምርመራ የዚህን ቤተሰብ ቫይረሶች አንዱን ከሌላው አይለይም። የዘረ መል ንባብ ካልተጨመረ ሁሉም «የእብድ ውሻ በሽታ» ተብለው ይመዘገባሉ።

ልዩነቱ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። አሁን ያሉት ክትባቶች የተለመደውን የእብድ ውሻ በሽታ በአስተማማኝ ሁኔታ ይከላከላሉ። ሞኮላና ሌጎስ ባት የተባሉትን ዘመዶቹን ግን በሚገባ አይከላከሉም፤ በኢኮማም ላይ በቤተ ሙከራ እንስሳት የተደረገ ሙከራ ተመሳሳይ ውጤት አሳይቷል።

እነዚህ ቫይረሶች ከአዲስ አበባም ሩቅ አይደሉም። በ1992 በታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ 115 የእብድ ውሻ በሽታ ናሙናዎች በጥልቀት ሲመረመሩ፣ ከድመት የተወሰደው አንዱ ሞኮላ፣ ከውሻ የተወሰደው ሌላው ደግሞ ሌጎስ ባት ሆነው ተገኝተዋል።

የጆሃንስበርግ ትምህርት

ደቡብ አፍሪካ በዚህ ረገድ ረጅም ልምድ አላት። በ1928 በሽታው ሞንጉዝ በሚባሉት አነስተኛ የዱር ሥጋ በሎች ላይ መኖሩ ተረጋገጠ። ከጊዜ በኋላም በእነርሱ ላይ የሚዘዋወረው ዝርያ ከውሾቹ የተለየ መሆኑ ታወቀ።

በ2010 በጆሃንስበርግ ውሾች ላይ ወረርሽኝ ሲነሣ፣ የዘረ መል ንባብ ቫይረሱ ከክዋዙሉ ናታል ግዛት መምጣቱን አመለከተ። በ2016 ደግሞ ከከተማዋ ሰሜን ምዕራብ፣ «የሰው ዘር መገኛ» በተባለው የዓለም ቅርስ ሥፍራ ዙሪያ በሽታው በቀበሮዎች ላይ ታየ። የመጀመሪያው ወረርሽኝ በየመንደሩ ያሉ ውሾችን መከተብ ሲጠይቅ፣ ሁለተኛው የዱር እንስሳትንም ያካተተ ክትትል ይሻል። የቫይረሱን ማንነት ማወቅ መፍትሔውን ይወስናል ማለት ነው።

በ2024 ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ተከሰተ። በኬፕ ታውን አካባቢ በባሕር ዳርቻ የሚኖሩት፣ ሥጋ በል የሆኑት ሲል የተባሉ የባሕር እንስሳት ሰዎችን መንከስ ሲያበዙ በእብድ ውሻ በሽታ መያዛቸው ተረጋገጠ። በባሕር አጥቢዎች ላይ እንዲህ ያለ ወረርሽኝ ሲታወቅ የመጀመሪያው ነበር። ቫይረሱ ከቀበሮዎች ዝርያ ጋር ይቀራረባል። ቀደም ሲል የተቀመጡ ናሙናዎች ሲመረመሩም ቢያንስ ከ2022 ጀምሮ በመካከላቸው እንደነበር ታውቋል። ናሙናዎቹ ነበሩ፤ የጎደለው የመረመራቸው ነበር።

አውሬው ሲታመም

ቫይረሶች ከዱር ወደ ሰው ብቻ አይሻገሩም። በዓለም ላይ ወደ 500 ገደማ ብቻ የቀሩትና በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙት ቀይ ቀበሮዎች ትልቁ የበሽታ ሥጋታቸው የሚመጣው ከሰው ቤት ውሾች ነው። በ2003 እና 2004 በባሌ ተራሮች የዌብ ሸለቆ የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ በሥፍራው ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል። በ2010 እና በ2015 ደግሞ ዲስቴምፐር የተባለው የውሾች በሽታ ተጨማሪ ጉዳት አድርሷል። በ2018 ክትባትን በሥጋ ውስጥ አድርጎ ለቀይ ቀበሮዎች የማቅረብ ዘመቻ ተጀምሯል።

ገንዘቡ የት ይዋል?

አዳዲስ ቫይረሶችን ማሰስ ትችት የማያጣው ሥራ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል። ከእነዚህ 99 በመቶ የሚሆኑት የሚያዙት በውሻ ንክሻ ነው። ከውሾች ቢያንስ 70 በመቶውን መከተብ የበሽታውን ሰንሰለት እንደሚበጥስ ይታወቃል። እናም መድኃኒቱ የታወቀ በሽታ ሰው እየፈጀ፣ ያልታወቀውን ፍለጋ ገንዘብ ማውጣት ተገቢ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ሚዛን ይደፋል።

ሆኖም ሁለቱ ሥራዎች እንደሚመስለው ተቀናቃኞች አይደሉም። ሁለቱም የሚሹት ሞቶ የተገኘን ቀበሮ የሚያመለክት ነዋሪ፣ ናሙናውን ሳይበላሽ የሚያደርስ የእንስሳት ሐኪም እና ዘረ መል ማንበብ የሚችል ቤተ ሙከራ ነው። ይህ ሰንሰለት ባለበት አገር የታወቀውም በሽታ ቶሎ ይያዛል፤ አዲሱም አይሰወርም። በሌለበት ግን ያልተለመደው ቫይረስ በተለመደው ስም ተመዝግቦ ያልፋል፤ ሕልውናው የሚታወቀውም እንደ ሉጆ ሰዎችን ከገደለ በኋላ ይሆናል።