ስቡ ወጥቶ ስኳር የገባበት እርጎ፦ ለጌዴኦ ገበታ ምን ይጨምራል?

«ስብ የሌለው» የሚለው ጽሑፍ በእርጎ ዕቃ ላይ ሲነበብ እንደ ጤና ምስክር ወረቀት ይቆጠራል። በዚያው ዕቃ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የሚሰፍረውን የስኳር መጠን ግን የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። ይህን መሰሉ እርጎ በኢትዮጵያ ከተሞች ገበያ ቦታ እያገኘ በመጣበት በዚህ ጊዜ፣ ዲላንና አካባቢዋን ለመሰለ ማኅበረሰብ ያለውን ጥቅም መመርመር ተገቢ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው፦ በጌዴኦ ገበታ ላይ የጎደለው ስብና ፕሮቲን እንጂ ስኳር አይደለም፤ ስለዚህ ስቡን አውጥቶ ስኳር የሚጨምር ምርት ለአብዛኛው ቤተሰብ የተሻለ ምግብ ተደርጎ ሊቀርብ አይገባም።

በመጀመሪያ ስሌቱን መመልከት ይጠቅማል። በአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ መሠረት፣ 100 ግራም ስቡ ያልወጣና ስኳር ያልተጨመረበት እርጎ ወደ 61 ኪሎ ካሎሪ ኃይል፣ 3.5 ግራም ፕሮቲን፣ 3.3 ግራም ስብና 4.7 ግራም የወተት ስኳር አለው። ስቡ ወጥቶ በፍራፍሬና በስኳር የጣፈጠው እርጎ ደግሞ በተመሳሳይ ክብደት ወደ 95 ኪሎ ካሎሪ፣ 4.4 ግራም ፕሮቲን፣ 0.2 ግራም ስብና 19 ግራም ስኳር ይይዛል። ጣፋጭ ያልገባበት ስብ አልባ እርጎ የተፈጥሮ ስኳሩ ከ7.7 ግራም የማይበልጥ በመሆኑ፣ ከ19ኙ ግራም ቢያንስ 11ዱ ከውጭ የመጣ ነው ማለት ይቻላል። ሦስት ግራም ያህል ስብ በማውጣት 28 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይቀነሳል፤ 11 ግራም ስኳር በመጨመር ግን 44 ኪሎ ካሎሪ ይመለሳል። ቀላል ነው ተብሎ የሚገዛው እርጎ ከሙሉው እርጎ የበለጠ ኃይል የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ከውጭ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ እንዳያልፍ መክሯል። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚያስፈልገው ሰው 5 በመቶው 25 ግራም ነው። አንድ 200 ግራም የሚመዝን ጣፋጭ እርጎ ብቻውን 22 ግራም ያህሉን ይወስዳል። በላዩ ላይ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ቡና ወይም ሻይ በስኳር የሚጠጣ ሰው ልኩን ማለፉ አይቀርም።

ምርቱ ፋይዳ የለውም ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። ስብ ሲወጣ ፕሮቲኑ፣ ካልሲየሙ፣ ቫይታሚን ቢ2ና ቢ12 በአብዛኛው በቦታቸው ይቆያሉ። በእርሾ ባክቴሪያዎች አማካይነት የወተቱ ስኳር በከፊል ስለሚብላላ፣ ወተት ለማይስማማው ሰው እርጎ ይቀለዋል። ከስቡ ጋር አብረው የሚወጡት ግን ቫይታሚን ኤንና ዲን የመሳሰሉ በስብ የሚሟሙ ንጥረ ምግቦች ናቸው፤ አምራቹ መልሶ ካልጨመራቸው በስተቀር አይተኩም።

ጥያቄው ወደ ጌዴኦ ሲመጣ ሚዛኑ ይለወጣል። የዞኑ አርሶ አደር እንሰትን፣ ቡናንና ነባር ዛፎችን በአንድ ማሳ አጣምሮ ይኖራል፤ ይህ የመሬት አያያዝ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከእንሰት የሚገኘው ቆጮ በኃይል ሰጪነቱ የታመነ ቢሆንም ፕሮቲኑም ስቡም እጅግ አነስተኛ ነው። ጎመን፣ ባቄላ፣ ወተትና ቅቤ ከቆጮ ጋር የሚቀርቡት ለጣዕም ብቻ ሳይሆን ይህን ጉድለት ለመሙላትም ነው። መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ፣ ግጦሹም ውስን በመሆኑ ላም በአብዛኛው በጓሮ ታስራ በእንሰት ቅጠልና በሣር ትቀለባለች፤ ስለዚህ ወተት እንደልብ አይገኝም። በጥቂቱ የሚገኝ ወተት ደግሞ ሙሉ ይዘቱ ሊጠበቅለት ይገባል።

በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። የስብ ቅነሳ ምክር የተወለደው ስብ በበዛበት ገበታና የልብ ሕመም ባስጨነቃቸው አገሮች ነው፤ መቀንጨር ላስጨነቀው አካባቢ ያለ ምርመራ ማሻገር አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የተጨማሪ ምግብ መመሪያ ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ሕፃናት ስኳር የበዛበት ምግብ እንዳይሰጥ አሳስቧል። ለሕፃን ተብሎ የሚገዛ ጣፋጭ እርጎ ከዚህ ምክር ጋር በቀጥታ ይጋጫል።

ስብ አልባ የወተት ተዋጽኦ ለኢትዮጵያ ቤቶች እንግዳ አለመሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። እርጎ ተንጦ ቅቤው ሲወጣ የሚቀረው አሬራ ያው ስቡ የቀነሰ መጠጥ ነው፤ ሲሞቅም አይብና አጓት ይሆናል። ልዩነቱ አሬራ ስኳር የማይገባበት መሆኑና ከውስጡ የወጣው ስብ በቅቤነት ወደ ምግቡ መመለሱ ነው። ቅቤው ለገበያ ብቻ ሲወጣ ግን ቤተሰቡ ከአሬራው ጋር ይቀራል፤ እዚያም ቢሆን ጥያቄው ያው የሕፃኑ ድርሻ ጥያቄ ነው።

በተቃራኒው የሚነሳው ጠንካራ መከራከሪያ የደኅንነት ጉዳይ ነው። የፋብሪካ እርጎ ከፓስቸራይዝድ ወተት የሚሠራ በመሆኑ ካልተፈላ ወተት ከሚመጡ እንደ ብሩሴሎሲስና የከብት ነቀርሳ ካሉ በሽታዎች ይከላከላል፤ በራሱ ጊዜ የረጋ የቤት እርጎ ይህን ዋስትና አይሰጥም። መከራከሪያው እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚደግፈው ወተቱን ማፍላትን እንጂ ስኳሩን አይደለም። ወተትን አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ በንጹሕ ዕቃ በእርሾ ማርጋት በማንኛውም ማጀት ይቻላል። ሐኪም የስብ መጠን እንዲቀንስ የመከረው አዋቂም ቢሆን ጣፋጭ ያልገባበትን ስብ አልባ እርጎ ወይም አሬራን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮች ሊሠሩ ይገባል። አንደኛ፣ በእርጎ ማሸጊያዎች ላይ የተጨመረው ስኳር በ100 ግራም ስንት እንደሆነ ጉልህ ሆኖ፣ ገዢው በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የወተት ምርትን ከማብዛት ባሻገር ወተቱ በየትኛው መልክ ወደ ሕፃናት አፍ እንደሚደርስ ይከታተል። ሦስተኛ፣ የዲላ ዩኒቨርሲቲ የምግብና ሥነ ምግብ ተመራማሪዎች ከቡሌ ደጋ እስከ ዲላ ዙሪያ ያለውን እርጎና አሬራ ይዘቱን ይለኩ፤ በውጭ አገር ሠንጠረዥ መመራት መነሻ እንጂ መድረሻ ሊሆን አይችልም።

በ2007 ዓ.ም. የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሁለት ዓመት ዕድሜ ያልሞላቸውን ሕፃናት መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ ቀን ቆርጧል። ያ ቀን ሩቅ አይደለም። እስከዚያ ድረስ አንዲት እናት በእጇ ባለው ጥቂት ብር እርጎ ስትገዛ፣ «ስብ የሌለው» የሚለው ቃል ለልጇ የሚጎድለውን እንጂ የሚጨምረውን እንደማይናገር ልታውቅ ይገባል።