ለአንዲት ሰዓት ልጅ መጠበቅ ስንት ይከፈላል?

«ከግማሽ ቀን በታች አይቆጠር»
ልጅ ጠባቂዋ፣ ከነፋስ መውጫ

ልጅ እየጠበቅሁ ነው የምኖረው። ወሩን ሙሉ ልጇን ከምታውልብኝ እናት ጋር ተጣልቼ አላውቅም። ጠቡ በገበያ ቀን፣ ለቅሶ ሲደርስባት ወይም ጤና ጣቢያ ወረፋ ልትይዝ ስትሄድ ብቻ ከምታመጣዋ ጋር ነው። «ለአንዲት ሰዓት መቀመጥ ደግሞ ምን ይከፈላል?» ትለኛለች።

እስቲ ያችን ሰዓት ልንገራችሁ። ሕፃኑ ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል ከተባለ፣ ያን ጧት እንጀራ አልጋግርም። እሳት ከነደደበት ምጣድ አጠገብ ገና መሄድ የጀመረ ልጅ አይለቀቅም። ውሃ ልቀዳም አልወርድም፤ እናቱ መጥታ ደጄ ተዘግቶ ብታገኘውስ? ሰውም ቤትም የማያውቅ ሕፃን የመጀመሪያዋን ግማሽ ሰዓት በለቅሶ ነው የሚጨርሳት። በአንቀልባ አዝዬ ስዞር ቆይቼ፣ ለምዶኝ መሬት ሲወርድ እናቱ ትደርሳለች። ከባዱን ሠርቼ ቀላሉ ሳይደርሰኝ ሰዓቱ አለቀ። በየቀኑ የሚመጣውን ልጅ ግን ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚያስፈራው አውቀዋለሁ። እኔን የሚከብደኝ በወር አንዴ ብቅ የሚለው ነው። ክፍያው ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ልጅ መጠበቅ ሥራ መሆኑን መንግሥትም ያውቃል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውን ሴፍቲኔት፣ ችግረኛውን በማኅበረሰብ ሥራ እያሠራ የሚከፍለውን ፕሮግራም፣ ላይ ጋይንትን፣ ታች ጋይንትንና ስማዳን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። የፕሮግራሙ መመሪያ በሥራው ቦታ የእናቶችን ልጆች የምትጠብቀዋን ሴት እንደ ሠራተኛ ይቆጥራታል። ድንጋይ ተሸክማ እርከን ከምትሠራዋ ጋር እኩል የሥራ ቀኗ ይያዝላታል። መንግሥት ሥራ ነው ያለውን ጎረቤቴ «መቀመጥ» ስትለው አንጀቴ ያራል።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው፦ የቀኑ 200 ብር ነው ብንል፣ አንድ ሰዓትም ሦስት ሰዓትም ቢቆይ 100 ብር ይሁን።

«የቆየበት ያህል ይከፈል»
ሁለተኛዋ ጸሐፊ፣ ከእስቴ መካነ ኢየሱስ

እኅቴ፣ ስለ ሕፃኑ ለቅሶ የጻፍሽው እውነት ነው፤ አልከራከርሽም። እኔ ግን ከሌላ በር ልግባ።

ያደግሁት ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ነው። የከተማዋ ስም ገበያዋን ይናገራል፤ ዓርብ ደግሞ የትምህርት ቀን ነው። እናቴ ጠላ ትሸጥ ነበር። ታናሼን በጋን መካከል ማስቀመጥ ስላልቻለች የምትጠብቀው እኔ ነበርሁ፤ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነው። ከአምስቱ የትምህርት ቀን አንዱን ገበያ ወሰደብኝ። አስተማሪው ዓርብ ያስተማረውን ሒሳብ ሰኞ እንደማውቀው አድርጎ ይቀጥላል፤ እኔ ጥቁር ሰሌዳውን እያየሁ እቀመጣለሁ። እናቴ ጨክና አልነበረም። ጎረቤታችን የምትጠይቀውን ከትርፏ ላይ ቀንሳ ስታየው የሚተርፋት ስላልነበረ ነው።

አንቺ 100 ብር ብለሽ ስትቆርጪ፣ አንድ ቅርጫት ድንች ተሸክማ የመጣችዋ ሴት እዚያው ደጅሽ ላይ ሆና ታሰላለች። ሒሳቡ ካላዋጣት ልጁን ይዛው አትመለስም፤ «ትልቋ ዛሬ ትቅር» ትላለች። አንቺም 100 ብሩን አታገኚም፤ ልጅቷም ትምህርቷን አታገኝም።

ሴፍቲኔቱን ማንሳትሽ ጥሩ ነው፤ ግን እዚያ ጠባቂዋን የሚከፍላት ፕሮግራሙ ነው፣ እናትየዋ አንድ ሳንቲም አታወጣም። ሕጉም ደመወዝተኛዋን ነው የሚያስታውሰው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ይሰጣል። ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ከሁለቱም የለችበትም። ለእሷ ያላት ማቆያ ያንቺ ደጅ ብቻ ነው፤ እሱ በዋጋ ሲዘጋባት ዝም ማለት አልችልም።

በሰዓት ይቆጠር። የመጀመሪያዋ ሰዓት ከባድ ናት ካልሽ፣ የእሷ ዋጋ እጥፍ ይሁን፤ ይህ ይገባሻል። በሰዓት 25 ብር ብንል ለመጀመሪያዋ 50፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዷ 25። ደግሞ በገበያ ቀን እናቶቹ የሚመጡት በአንድ ጊዜ ነው፤ ሦስቱን ብትቀበዪ ጧትሽ አይባክንም።

ልጅ ጠባቂዋ

ሦስቱን አልቀበልም። የገዛ እናቴ ቤት ምድጃ ላይ የወደቀ ልጅ አይቻለሁ፤ ጠባሳው ዛሬም አለ። ክፉኛ የሚያለቅሱ ሦስት እንግዳ ሕፃናት ይዤ አንዱን ሳባብል ሌላው የት እንደደረሰ አላይም። ያለ አንድ ረዳት ሴት ከሁለት በላይ አልቀበልም ማለቴ ከስስት አይደለም።

«በወንፈል ተያያዙ» የሚሉኝም አሉ። ወንፈል ለአጨዳና ለአረም ጥሩ ነው፤ ዛሬ ያንቺን ነገ የእኔን እንላለን። የእኔ ልጆች ግን አድገዋል። ብድሩን በምን ልቀበለው?

የእጥፉን ነገር አሰብሁበት። ያንቺን የዓርብ ሒሳብ ካነበብሁ በኋላ 100 ብር የሚለውን እንደ በፊቱ አፌን ሞልቼ መናገር አልቻልሁም። ግን አንድ ነገር ቀረ፦ አመጣለሁ ብላ የቀረችው። እኔ እሳቴን አጥፍቼ፣ ውሃዬን ትቼ እስከ አምስት ሰዓት ጠብቄያለሁ። በሰዓት ከተቆጠረ፣ ያልመጣ ልጅ ዜሮ ሰዓት ነው።

ሁለተኛዋ ጸሐፊ

ያስያዘችውን የመጀመሪያ ሰዓት ትክፈል፤ 50 ብሩን። ማታ ደውላ ወይም ሰው ልካ ካሳወቀችሽ ግን ማሪያት። ልጁ ማታ አተኩሶት ሊሆን ይችላል፤ የታመመ ልጅ ይዛ እንዳትመጣብሽ የምትፈልጊው አንቺው ነሽ።

ስለ ሦስቱ ልክ ነሽ፤ እሳቱን ረስቼው ነበር። ሁለት ይሁኑ። ትልቅ ልጅ ያላትን እናት ግን አስቀድሚልኝ፤ ከገበያው በፊት ልጅቷ ትምህርት ቤት መሄዷን ጠይቂያት።