የሰነፍ ትሕትና፦ ስለ ጠመንጃ ማነጣጠሪያና ስለ እጃችን

በአሜሪካ በምንኖር የተማርን ኢትዮጵያውያን ዘንድ አንድ አባባል እንደ ዳዊት ይደገማል፤ «ለባለሙያ ተወው!» የሚል። የቤት ቧንቧ ሲያንጠባጥብ፣ የልጅ ብስክሌት ሰንሰለት ሲወልቅ፣ የበር ማጠፊያ ሲላላ ስልክ እናነሣለን እንጂ መፍቻ አናነሣም። ሰሞኑን አደን በሚወዱ ወዳጆች መካከል ጨዋታ ተነሥቶ፣ በባለማንሻ ጠመንጃዬ ላይ አዲስ ማነጣጠሪያ እቤቴ ቁጭ ብዬ ራሴ መግጠሜን ብናገር፣ አንዱ «ዲግሪ ያለው ሰው ሞረድ ይዞ ብረት ይፍቃል እንዴ?» አለ፤ ሌሎቹም ሳቁ። እኔ በዚያ ሳቅ ውስጥ የሰማሁት ለባለሙያ የተሰጠ ክብር ሳይሆን ለሥራ የተሰጠ ንቀት ነው። ስለዚህም ነገሩን እስከ ሥሩ መመርመር ይገባል።

ባለማንሻ ጠመንጃን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ከቃታው በታች ያለውን የብረት ማንሻ ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት፣ ባዶውን ቀለህ ተፍቶ አዲስ ጥይት የሚያጎርስ ጠመንጃ ነው። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው ዊንቸስተር 1894 ከ6 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፤ ተፎካካሪው ማርሊን 336 እ.ኤ.አ. በ1948 ለገበያ ቀረበ። ሁለቱም የአሜሪካ አጋዘን አዳኝ የዕለት መሣሪያዎች ናቸው። አብዛኞቹ ከፋብሪካ የሚወጡት በአፈሙዙ ጫፍ አንዲት ፍሬ፣ ወደ መካከሉ ደግሞ የተሰነጠቀ አጭር ብረት ይዘው ነው። ተኳሹ የኋላውን ስንጥቅ፣ የፊቱን ፍሬና ዒላማውን በአንድ ጊዜ እንዲያስተያይ ይጠየቃል። የማንም ዓይን ግን በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው አንዱን ርቀት ብቻ ነው፤ ዕድሜ ከ40 ሲያልፍ ደግሞ የቅርቡ ይደበዝዛል።

ለዚህ ችግር ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ መፍትሔ አለ፤ ባለቀዳዳ ማነጣጠሪያ ይባላል። የሚገጠመው በጠመንጃው የብረት አካል ላይ፣ ለዓይን ቀረብ ብሎ ነው። ተኳሹ በቀዳዳው ውስጥ አሾልኮ ያያል እንጂ ቀዳዳውን አያይም፤ ዓይን በተፈጥሮው የፊቱን ፍሬ ከመሐል ያደርጋታል። በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀትም ይረዝማል። ስሌቱ ቀላል ነው። ርቀቱ 40 ሴንቲሜትር ሲሆን የግማሽ ሚሊሜትር መዛነፍ በ100 ሜትር ላይ 12.5 ሴንቲሜትር ያስታል፤ ርቀቱ 60 ሴንቲሜትር ሲሆን ያው ስሕተት ወደ 8 ሴንቲሜትር ገደማ ይወርዳል። ይህች ጥቂት ሴንቲሜትር በወረቀት ላይ ቁጥር ናት፤ በጫካ ውስጥ ግን ወዲያው በወደቀ እንስሳና ሆዱን ተመትቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲማቅቅ በሚያድር እንስሳ መካከል ያለች ልዩነት ልትሆን ትችላለች።

ሕጉስ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ እንደ ጠመንጃ የሚቆጥረው መለያ ቁጥር የተቀረጸበትን የብረት አካል ነው። ማነጣጠሪያ በዚህ ሕግ ዘንድ እንደ ብሎንና እንደ ሰደፍ ያለ ተራ ዕቃ ነው። የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅበትም፤ በትክክል መገጠሙን የሚመረምር ሹምም የለም። እንግዲህ ሕግ ዝም ባለበት ቦታ የሚቀረው የባለቤቱ ኅሊናና ጥንቃቄ ብቻ ነው። «ለባለሙያ ተወው» የሚለው ወዳጄ ይህን ኅሊና ጭምር ለባለሙያው መክፈልና መገላገል ይሻል። ነገር ግን ቃታውን የሚስበው ባለሙያው አይደለም!

ለመሆኑ ያ የተፈራው ሥራ ምንድን ነው? ከሁሉ አስቀድሞ ጠመንጃውን ባዶ ማድረግ ነው። የብዙዎቹ ባለማንሻ ጠመንጃዎች ጥይት የሚቀመጠው ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ ስለሆነ ከውጭ አይታይም። ስለዚህ ማንሻውን ከፍቶ የጥይቱን ጎሬም ቱቦውንም በዓይንና በጣት መፈተሽ፣ ጥይቱንም ከክፍሉ ማውጣት ያስፈልጋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ከዚያ ጠመንጃውን በጨርቅ በተሸፈነ ሞርሳ ማሰር፣ የድሮውንም ማነጣጠሪያ በነሐስ ዘንግና በመዶሻ ከጎድጎዳው ገፍቶ ማውጣት ይቻላል። የተለመደው አቅጣጫ ከተኳሹ ግራ ወደ ቀኝ ነው፤ ሲመለስም ከቀኝ ወደ ግራ። ማርሊን 336 ከአሥርተ ዓመታት ወዲህ ከፋብሪካ የሚወጣው የብሎን ቀዳዳዎች ተበጅተውለት ነው። ለዚያ የተሠራውን ማነጣጠሪያ ለመግጠም የቀዳዳዎቹን መድፈኛ ብሎኖች በልካቸው በሆነ ካቻቢቴ መፍታት፣ ቅባቱን መጥረግና አዲሱን ማሰር በቂ ነው። መሰርሰር የለም፤ መበየድ የለም።

ዋናው ሥራ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ፣ በተኩስ ሜዳ ነው። የተገጠመ ማነጣጠሪያ ገና የተስተካከለ ማነጣጠሪያ አይደለም። ከ25 ሜትር ተጀምሮ በየጊዜው ሦስት ሦስት ጥይት ይተኮሳል፤ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል። የኋላው ማነጣጠሪያ የሚገፋው ጥይቱ እንዲሄድ ወደሚፈለግበት ነው፤ የፊቱ በተቃራኒው። በ50 ሜትር ላይ ጥይቱ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ቢመታ፣ በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከልም 60 ሴንቲሜትር ቢኖር፣ 10ን በ0.6 ሜትር አብዝቶ ለ50 ማካፈል ነው፤ 0.12 ሴንቲሜትር ይወጣል። የኋላው በ1.2 ሚሊሜትር ዝቅ ይበል፣ ወይም የፊቱ በዚያው ልክ በረዘመ ይተካ። ዝቅ ብሎ ከመታ ደግሞ የፊቱ ፍሬ በሞረድ ጥቂት ይፈቃል፤ የተፋቀ ብረት አይመለስምና ፍቆ መተኮስ፣ ተኩሶ መፋቅ እንጂ ችኮላ የለም። ውድ አንባቢ፣ ይህ የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። በዩኒቨርሲቲ ስንቱን ቀመር የሸመደደ ሰው በዚህ ፊት የሚሸሸው ሒሳቡ ከብዶት ሳይሆን ሞረዱ አሳፍሮት ነው።

ይህን ስል ግን ባለሙያ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ቀዳዳ በሌለው አሮጌ ዊንቸስተር ላይ አዲስ ቀዳዳ መሰርሰር የሠለጠነ እጅና ልዩ መሣሪያ ይጠይቃል፤ በጠማማ የተበሳ ብረት አይሽርም፣ የቅርስ ዋጋውም ይወድቃል። እዚያ ላይ ጠመንጃውን ወደ ሠሪው እወስዳለሁ፤ ዋጋውንም ሳልከራከር እከፍላለሁ። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። እጁን በሥራው ያስገባ ሰው የራሱ ችሎታ የት እንደሚያበቃ፣ የሌላው ጥበብም ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ብሎን ፈትቶ የማያውቅ ሰው ባለሙያን አከብራለሁ ቢል፣ የሚያከብረው ደረሰኙን ነው።

ዕውቀት በእጅ ውስጥ እንደሚኖር የእነዚሁ ጠመንጃዎች ታሪክ ይመሰክራል። በኮኔቲከት፣ ኒው ሄቨን የነበረው የዊንቸስተር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 ተዘጋ። ማርሊንን ሬሚንግተን ገዛው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የኖርዝ ሄቨኑ ፋብሪካ ተዘግቶ ሥራው ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ስሙና መኪናው ሲዛወር የአብዛኞቹ አሮጌ ሠራተኞች እጅ ግን አልተከተለም። በተከታዮቹ ዓመታት ገዢዎች ስለ ጥራት አጥብቀው አማረሩ፤ ከቅሬታዎቹም አንዱ የፊት ማነጣጠሪያው ጠመም ብሎ መገጠሙ ነበር! ሬሚንግተን እ.ኤ.አ. በ2020 ሲከስር ሩገር ማርሊንን ገዝቶ ሥራውን እንደ አዲስ ጀመረ። «ለባለሙያ ተወው» ባዮች ለዚህ ምን ይላሉ? ባለሙያው ራሱ ተሰናብቶ ማኅተሙ ብቻ ሲቀር፣ ጠማማውን ማነጣጠሪያ ለይቶ የሚያውቀው እቤቱ የሠራው ሰው ብቻ ነው።

ወደ እኛው ልመለስ። የፈረንሳዩን ፉዚ ግራ «ውጅግራ»፣ የእንግሊዙን ስናይደር «ስናድር» ብለን አማርኛ አደረግናቸው። በቀረርቶና በፉከራ አወደስናቸው። የተሰበረውን ቃታ የሚጠግነውን አንጥረኛ ግን ቡዳ አልነው፤ አብረነው ማዕድ አልቆረስንም። ጠመንጃውን አነገሥን፣ ጠጋኙን ሰደብን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ የአገር በሽታ ስለነበረ ነው። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡ ግን ሱፍ ለብሶ፣ ፓስፖርት ይዞ፣ «ለባለሙያ ተወው» እያለ ውቅያኖስ ተሻግሯል። በአፉ ትሕትና ይመስላል፤ በሆዱ ግን ያው የድሮው ንቀት ነው።

«በአገራችን ስንቱ እናት እያለቀሰች ስለ ጠመንጃ ታወራለህን?» የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን የተካሄደውን ጦርነትና ከዚያም ወዲህ የፈሰሰውን ደም የሚያውቅ ሰው ጠመንጃን በፉከራ አያነሣም፤ እኔም አላነሣሁትም። ግን መሣሪያን ከማወደስና መሣሪያን ከማወቅ የትኛው ነው ደም ያፈሰሰው? ብረቱን ፈትቶ የገጠመ፣ አንዲት ሚሊሜትር ምን ያህል እንደምታስት በወረቀት ላይ ያየ ሰው፣ ጥይት አንዴ ከወጣች እንደማትመለስ ከፎካሪው ይልቅ ያውቃል። የሚያስፈራኝ ሞረድ የያዘው ሰው አይደለም፤ ምን እንደያዘ ሳያውቅ ሌላውን «በለው!» የሚለው ነው።

ማነጣጠሪያ የሚያስተምረው አንድ ጨካኝ እውነት አለ። ጥይቱ ሲስት ወረቀቱን ወደ ቀዳዳው ማዛወር አይቻልም፤ የሚስተካከለው በእጅ ያለው ነው። እኛ የተማርነው ክፍሎች ግን ስንት ጊዜ ስተን ዒላማውን አንቀሳቀስን? ያልሠራነውን የመንግሥት ጥፋት፣ ያልሞከርነውን የባለሙያ ጉዳይ እያልን ስንት ዓመት ኖርን? ብሎኑን የሚያጠብቅ ሹም የለም፤ ካቻቢቴው ያለው በእኛው መሳቢያ ውስጥ ነው።

ቸር ይግጠመን።